ያልጠየቅኩህ ነገር አለ?

ሥራ ከፈታሁ አሥራ አንድ ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራ መፍታት ብቻውን ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው አገር ምድሩ መካሪ መሆኑ ነው። አክስቴ ሲቪሽን አሳጥሪው ትለኛለች፣ ልጇ አስረዝሚው ይለኛል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ፎቶው ላይ ትንሽ ፈገግ ብትይ ምን ነበረበት ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ያልነበርኩ ሰው ነኝ። ስንቴ እሺ ብዬ፣ ስንቴ በሬን ዘግቼ እንደተቀመጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

በፊት የምሠራው በአንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የገባና የወጣ ዕቃ ኮምፒውተር ላይ ስመዘግብ ኖርኩ። አንድ ቀን ሸሚዛቸው ጥርት ብሎ የተተኮሰ ሁለት ወጣቶች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ድረስ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ወንበሬን ሁሉ ለቅቄላቸው አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው። በሦስተኛው ወር ትርፍ ሠራተኛ ነሽ ተባልኩ። የሚገርመው ልጆቹን አልጠላኋቸውም። ከእንግዲህ መሆን ያለብኝ ከጠያቂዎቹ ወገን ነው አልኩና ያለኝን አሟጥጬ የቢዝነስ አናሊስት ኮርስ ተመዘገብኩ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ቦታ አመለከትኩ። ሃያ ሁለቱ አልፈለግንሽም ለማለት እንኳ አልፈለጉኝም። ሃያ ሦስተኛው ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ እሱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ደብዳቤው፣ የሚያውቁትን አንድ የሥራ ሂደት በሁለት ገጽ ሥለው ይምጡ ይላል፤ በአንደኛው ገጽ ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሁለተኛው ወደፊት እንዴት መሠራት እንዳለበት። ከሁለት ገጽ በላይ የሆነ አይታይም። አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የሚጠራኝ እንደሌለ እንደ ስሜ አውቀው ነበር።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴን ቢዝነስ አናሊስት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳ ሙሉ ፈጀሁ። ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቆ፣ ፕሮግራም ለሚጽፉት በሚገባቸው መንገድ ጽፎ የሚሰጥ ሰው ነው አልኩት። አኘከና፣ አሰበና፣ "ታዲያ ወሬ አመላላሽ ነሽ በይኛ" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ዓመት አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አባቴ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ናሙና መቀበያ መስኮት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከየክፍሉ ደም በትንንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ፣ ከምርመራ ወረቀት ጋር ይመጣለታል። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ስምና ወረቀቱ ላይ ያለው ስም መስማማቱን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ከተስማማ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ የራይት ምልክት ያደርግና ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሆስፒታሉ ውስጥ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ባለመስኮቱ ነው የሚለው። ድርጅቱ ለሆስፒታሎች የሚሠራ ከሆነ ከአባቴ መስኮት የተሻለ ምን አለኝ? የራሴ የድሮ ሥራማ ፕሮግራም ተሠርቶለት፣ እኔም ወጥቼለት አልቋል።

እንዲህ ሆነና አባቴን መጠየቅ ጀመርኩ። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳይፈታ ደብተሬን ይዤ ፊቱ እደቀናለሁ። ብልቃጡ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታያለህ? ካልተስማማ ለማን ትመልሰዋለህ? ሲመለስ ማን ይፈርማል? መጀመሪያ ላይ አፈረ፤ ምን ሥራ ነው ብለሽ ነው፣ አይቶ ማሳለፍ ነው አለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አልቆም አለኝ። ወረቀት በደም ሲነካካ ምን እንደሚያደርግ፣ የየትኛው ሐኪም ጽሑፍ የዶሮ ጭረት እንደሚመስል፣ የሕፃናት ክፍል ብልቃጥ ለምን ቀድሞ እንደሚያልፍ፣ ሁሉንም ነገረኝ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እኔም ልጁ አንድ ቀን ምን ስትሠራ ዋልክ ብዬው አላውቅም። 

በኮርሱ ላይ አስተማሪያችን ደጋግሞ ያስጠናን አንድ ጥያቄ ነበር። ሁሉን ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ዝጉና፣ ያልጠየቅኩህ ነገር አለ በሉ፤ ወርቁ የሚወጣው ያኔ ነው ይል ነበር። በአምስተኛው ቀን ደብተሬን ዘጋሁና ጠየቅኩት።

አባቴ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

"አለ" አለኝ። "ቢጫው ማቆሚያ አለ።"

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው አለኝ። ሁለት ሴቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ተኝተው ነበር፤ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ ነው። የሁለቱም ብልቃጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ መስኮቱ ላይ መጣ። ወረቀቱና ብልቃጡ ይስማማሉ፤ ራይት አድርጎ አሳለፈ። የተሳሳተው ግን ከክፍሉ ሲለጠፍ ነበር፤ የአንዷ ደም የሌላዋን ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። አንደኛዋ የማይስማማት ደም ተሰጣትና በማግስቱ ሞተች። አባቴን ማንም አልወቀሰውም። ስብሰባ ተደረገ፣ ሁሉም ሰው ይጠንቀቅ ተባለ፣ በዚያው አለቀ።

ለእሱ ግን አላለቀም። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ ቢጫ የብልቃጥ ማቆሚያ መስኮቱ ሥር አኖረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን ሞክሼዎች ከመጡ ሁለቱንም ብልቃጥ እዚያ ያቆማቸውና ወደ ክፍሉ ይደውላል። ነርሷ አልጋው ድረስ ትሄዳለች፤ ታካሚውን ራሱን ስሙንና ዕድሜውን ጠይቃ፣ ደም የተቀዳው ከእሱ መሆኑን ክንዱን አይታ ትመለሳለች። አባቴ እስክትመለስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ይጠብቃል። በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ስህተት አግኝቷል። አራት ሰው ማለት ነው።

እኔም ኮርሱ አፌ ላይ ስለነበር፣ ለምን ለነርሶቹ በኮምፒውተር መልእክት አይላክላቸውም አልኩት።

"መልእክት ቢመጣላት፣ እሺ የሚለውን ተጭና ወደ ሥራዋ ነው የምትሄደው" አለኝ። "አይፈረድባትም፤ ሠላሳ ሰው ይጠራታል። ስልክ ከሆነ ግን እኔ መስመሩ ላይ አለሁ። የሚጠብቃት ሰው እንዳለ እያወቀች ዝም ብላ ልትቀር አትችልም።" ከዚያ ደብተሬን በጣቱ ነካ አደረገው። "ይህን ጻፊው። እኔ ስወጣ የሚያውቀው የለም።"

ጻፍኩት። ከደብተሬ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ገጽ እሱ እንደሆነ ያኔም ገብቶኝ ነበር፤ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም።

ለቃለ መጠይቁ የሚያለማምደኝ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ከኔ ቀድሞ ተባሮ፣ ከኔ ቀድሞ አናሊስት ሆኗል። ሁሉን ነገር ሳጥን አድርጎ ስለሚስል ባለሳጥኑ እንለዋለን፤ የሠርጉን ዝግጅት ሳይቀር በሳጥንና በቀስት ሥሎ ለሽማግሌዎቹ አድሏል። ክፉ ሰው አይደለም። ከቢሮው ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የምሳ ሰዓቱን እየሰዋልኝ፣ ስለራስሽ ንገሪን ከሚለው ጀምሮ ያፋጥጠኛል። አትቅለስለሺ፣ በቁጥር ተናገሪ፣ ይመስለኛል አትበዪ ይለኛል። እኔም ይመስለኛል ባልኩ ቁጥር ጉልበቴን በእስክሪብቶ ይመታኛል።

ሥዕሎቼን ሳሳየው አንደኛውን ገጽ ወደደው። ከጎን በኩል ቀስቶች የሚርመሰመሱበት ቦታ ሲደርስ ግን ፊቱን ቋጠረ። ይሄ ምንድነው አለኝ። ቢጫውን ማቆሚያ አስረዳሁት። በሳምንት ስንቴ ይመጣል አለኝ። ሁለቴ፣ ሦስቴ አልኩት።

"አውጪው" አለ። "ሥዕልሽን የሚያዩት ሁለት ደቂቃ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ እዚህ ጥግ ላይ ከተጠመዱ ሌላውን ሳታሳዪ ትወጫለሽ።"

ሰው የሚሞትበት ነገር እኮ ነው አልኩት። እሱስ ልክ ነሽ፣ ሥራውን ስታገኚ ትጨምሪዋለሽ፤ አሁን የምትስዪው ለታካሚ አይደለም፣ ለፈታኝ ነው አለኝ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ገጽ ገለበጠና ስንት ሰው እንደቀነስኩ ጠየቀኝ። ሰው ልቀንስ አልተነሳሁም አልኩ። ካልቀነስሽ ምኑን አሻሻልሽው አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ በእውነት ገርሞት ነው።

በማግስቱ ሁለቱንም ገጽ እንደ አዲስ ሣልኩ። ከአንደኛው ቢጫው ማቆሚያ ወጣ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ብልቃጡ ባርኮድ ይለጠፍበታል፣ ማሽን ያነበዋል፣ ከተስማማ በቀጥታ ወደ ውስጥ ያልፋል። ታችኛው ጥግ ላይ በደማቁ፣ የመስኮት ሠራተኛ፦ ዛሬ 1፣ ወደፊት 0 ብዬ ጻፍኩ።  የመለማመጃ ወረቀት ነው፣ ከዚያ ክፍል አይወጣም፣ አባቴን የሚነካው ነገር የለም እያልኩ ራሴን ደለልኩት። ሥዕሉ ደግሞ አማረ። ንጹህ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚፈስ፣ እንከን የማይወጣለት ሆነ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ቀን አባቴ ሥዕሉን ካላየሁ አለኝ። አንደኛውን ገጽ ብቻ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ሳጥን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ልክ መስኮቱ ላይ እንደሚያደርገው። ትክክል ነው፣ ትክክል ነው እያለ መጨረሻው ደረሰ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

"ቢጫውስ?"

"ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው" አልኩት።

እንዲያው ከአፌ ወጣ። አባቴ አላሳይህም እንዳልለው ብሎ ነው መሰለኝ ሁለተኛውን አልጠየቀኝም። ነገ የምትለብሺውን አምጪው ልተኩስልሽ አለና ካውያውን ሰካ። እኔም ወረቀቶቹን ማህደር ውስጥ ከትቼ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸውና ስለራስሽ ንገሪንን እየደጋገምኩ ክፍሌ ገባሁ።

ጠዋት ስነሳ ወደ ሥራ ሄዷል። ሸሚዜ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገትጌው እንኳ ሳይቀር ተተኩሷል። ማህደሩን አንስቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ አልከፈትኩትም፤ በቃሌ ነው የማውቀው፣ ምን ልሆን እከፍተዋለሁ?

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መሃል የተቀመጠችው ሰብሳቢ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትሰማ ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ሴት ናት። በግራዋ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ በቀኟ ከሰው ኃይል የመጣ ሰውዬ አሉ። ስለራስሽ ንገሪንን አለፍኩት። ይመስለኛል አላልኩም። አንደኛውን ገጽ ዘርግቼ አስረዳሁ፤ ሰብሳቢዋ ሁለቴ ራሷን ነቀነቀች። ባለሳጥኑ ቢያየኝ ኖሮ ይኮራብኝ ነበር እያልኩ ሁለተኛውን ገጽ አወጣሁ።

ቀይ ነበረበት።

ከሦስተኛው ሳጥን ሥር በማስመሪያ የተሰመረ ቀስት ወጥቷል። ጫፉ ላይ በአባቴ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ፣ ሞክሼ ከመጣ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ወደ ክፍሉ ይደወላል፤ ነርሷ እስክትመለስ ስልኩ አይዘጋም ይላል። ዓይኔ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደ። ዛሬ 1፣ ወደፊት 0። አልሰረዘውም፣ አልነካውም። አጠገቡ ጠርዙ ላይ ብቻ ያቺ ትንሽ የራይት ምልክት አለች። አይቶታል። አንብቦ፣ አጣርቶ፣ እንደ ማንኛውም ወረቀት አሳልፎታል። የረሳሁ መስሎት ታካሚዎቹን ብቻ መለሰልኝ።

 ውሃ ጠጣሁ። አፌ የለመደውን እያወራ ባርኮዱን፣ ማሽኑን፣ ጊዜውን ምን ያህል እንደሚያሳጥር አስረዳሁና ጨረስኩ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። በቀይ የተጻፈው ምንድነው አለችኝ። በመጨረሻ ያከልኩት ነው አልኩ። አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ከቀዩ ጽሑፍ አንስታ ዜሮዋ ላይ አደረገች።

"መስኮቱ ላይ ሰው ከሌለ የሚደውለው ማነው?"

መልሱን አውቀው ነበር። መልሱ አባቴ ነው። መልሱ፣ ይህ ዜሮ ስህተት ነው፣ አንድ ሰው መቅረት አለበት፣ እኔም ሥዕሉ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው ያወጣሁት የሚል ነው። ምናልባት ይህን ብል ኖሮም ይቀጥሩኝ ነበር፤ ለዚህ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። ግን አሥራ አንድ ወር ጀርባዬ ላይ ነበር። ሃያ ሁለቱ ያልጻፉልኝ ነበሩ። ተሳስቻለሁ ብሎ ቃለ መጠይቅ ያለፈ ማን አለ?

"ሥርዓቱ ራሱ ለክፍሉ መልእክት ይልካል" አልኩ። "ነርሷ አይታ ታረጋግጣለች።"

ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ በአንድ ሳምንት ይሠራል አለ። ሰብሳቢዋ ጻፈችው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። እዚያ እኮ ጨረታ ልንገባ ነው ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ፤ ተቀጥረሻል፣ ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ነው ተባልኩ። አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ነገርኩት። አቀፈኝ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና ወንበር ስቦ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

"ስለ ቀዩ ጠየቁሽ?"

ጠየቁኝ አልኩት። ምን ብለሽ መለስሽ አለኝ። እሱን መዋሸት ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፤ መልእክት ይላካል ብያለሁ አልኩት። አባቴ የያዘውን የጫማ ማሰሪያ ፈታ። ተይ አላለኝም፣ ነግሬሽ አልነበር ወይ አላለኝም። "ዋናው መግባትሽ ነው" አለኝና ሌላውን ጫማ ፈታ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ራቱን ላሙቅ ብሎ ተነሳ። በዚያው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ እቤት ስለ ሥራው ጠይቄው አላውቅም።

ድርጅቱ ጨረታውን አሸነፈ። ሥራ በገባሁ ሁለተኛውን ወር ስይዝ ሰብሳቢዋ፣ አሁን አለቃዬ ናት፣ ጠራችኝና ነገ ሆስፒታሉ እንሄዳለን አለችኝ። የመስኮቱን ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ ማጣራት አለብን፤ ሶፍትዌራችን ያልሸፈነው ሥራ ከሌለ ሆስፒታሉ ቦታውን ይዘጋዋል፣ ካለ ግን ሁሉም እንደገና ይታሰባል አለች። ከዚያ በለሆሳስ፣ የመልእክቱ ሐሳብ ያንቺ ነው፣ ቀዳዳ ከተገኘበት የሙከራ ጊዜሽ ላይ ጥሩ አይሆንም አለችኝ። ልታስፈራራኝ አይመስለኝም፤ ልትጠቅመኝ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው አባቴ ነው የምልበት ጊዜ ካለ ያ ሰዓት ነበር። አልነገርኳትም።

ለአባቴ እቤት ስነግረው ሁሉን ነገርኩት፤ አለቃዬ ያለችኝን ሳይቀር። አዳመጠኝና አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ እዚያ አባቴ እንዳትዪኝ፣ ይታዘቡሻል።

ስንደርስ አዲስ ጋዋን ለብሶ ነበር። መስኮቱን በሠላሳ ዓመት ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በውስጥ በኩል አየሁት፤ ክንዱን የሚያሳርፍበት እንጨት ቀለሙ ለቆ ገርጥቷል። እንኳን ደህና መጡ አለን። ለአለቃዬ ወንበር አመጣ፣ ለእኔም አመጣ። እኔን አንቱ ብሎ ሲጠራኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ። እኔም አንቱ እያልኩ ደብተሬን ዘረጋሁና ጀመርኩ። ብልቃጡ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያያሉ? ካልተስማማ ለማን ይመልሱታል? ያኔ እቤት የመለሰልኝን በዚያው ቅደም ተከተል፣ ግን ባጭር ባጭሩ መለሰልኝ። የሐኪሞቹን የዶሮ ጭረት አላነሳም። አለቃዬ ሥዕሉን ይዛ እያመሳከረች፣ ልክ ነው፣ ልክ ነው ትላለች።

መጨረሻው ደረሰ። ደብተሬን ዘጋሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልተወው ነበር፤ ግን አለቃዬ ራሷ፣ የመዝጊያ ጥያቄሽን አትርሺ አለችኝ።

"ያልጠየቅኩዎት ነገር አለ?" አልኩት። "ወረቀት ላይ የሌለ፣ እርስዎ ብቻ የሚሠሩት?"

አባቴ አየኝ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት በር ላይ ትቶኝ ሲሄድ ዞር ብሎ እንደሚያየኝ አየኝ። አለ ቢል ሥራው ይተርፋል፤ እኔ እወድቃለሁ። ይህን እኔም እሱም እናውቃለን፤ አለቃዬ ብቻ ናት የማታውቀው። አለ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት፤ ራሴ ግን አፌን አልከፈትኩም። ልመናው ምኑ ላይ ነው? ሁሉን የማውቀው እኔ፣ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ።

"የለም" አለ።

ደብተሬን ከፈትኩና ጻፍኩት። አለቃዬ ስለ ጊዜው አመስግናው ተነሳች፤ ኮሪደሩን ስንይዝ፣ ደስ የሚሉ ሰውዬ ናቸው፣ ሌላ ቦታ ይመድቧቸው ይሆናል አለችኝ። እኔ ቦርሳዬን ረሳሁ ብዬ ተመለስኩ። ይቅርታ ልለው ነበር፣ ወይም እቤት እንነጋገር ልለው፤ ምን ልለው እንደነበር አላውቅም።

አላየኝም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። መስኮቱ ሥር፣ ቢጫው ማቆሚያ ላይ፣ ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። እኛ ስንጠይቀው የመጡ መሆን አለባቸው። አይናገርም፤ አንድ ሰው አልጋ ድረስ ሄዶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ትንሽ ቆሜ አየሁት፣ ደብተሬ ብብቴ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የለም ብዬ ጽፌያለሁ።